የነፋስ ዐይን፤ ኖርዌይኛ በእንግሊዝኛ ቤት

(የመክፈቻ ዜማ በክራር። ከፍ ብሎ ይሰማና ቀስ በቀስ ዝቅ ይላል።)

ተናጋሪ፦ ከሳምንቱ ሥራ ዐረፍ ብላችሁ፣ ቡናችሁን ይዛችሁ ወደ ሬዲዮናችሁ ጠጋ በሉ፤ የዛሬው ትምህርታችን ስለ ቃላት ነውና ጆሮ እንጂ መነጽር አያሻውም።

በመጀመሪያ አንድ ጥያቄ ላቅርብላችሁ። እንግሊዝኛ የተማራችሁ ሁሉ፣ እንግሊዞች መስኮትን «ዊንዶው» እንደሚሉት ታውቃላችሁ። ይህ ቃል እንደ ሣጥን ቢከፈት በውስጡ ምን ይገኛል? የመስተዋት ስም ይገኛልን? የእንጨት ስም ይገኛልን? ወይስ የብርሃን? እስኪ ጥቂት አስቡበት።

(ጥቂት ጸጥታ።)

ከሦስቱ አንዱም አይደለም፤ የሚገኘው ነፋስና ዐይን ነው። ዛሬ ኖርዌይ፣ ዴንማርክና ስዊድን በምንላቸው አገሮች ይኖሩ የነበሩት የጥንት የሰሜን ሰዎች፣ እሳታቸውን በቤታቸው መካከል እያነደዱ፣ ጢሱ የሚወጣበትንና አየሩ የሚገባበትን ቀዳዳ በጣሪያው ወይም በግድግዳው ላይ ይከፍቱ ነበርና፣ ያንን ቀዳዳ «ቪንድአውጋ» ብለው ሰየሙት፤ «ቪንድ» ነፋስ፣ «አውጋ» ዐይን ስለ ሆነ፣ ሙሉ ትርጓሜው የነፋስ ዐይን ማለት ነው።

ኖርዌያውያን ዛሬ «ቪንዱ» ይሉታል፤ ከሁለቱ የጽሕፈት ልሳኖቻቸው አንዱ የሆነው ኒኖሽክ ግን፣ ዐይኑን ሳይደፍን እስካሁን «ቪንድአውገ» ብሎ ይጽፈዋል። እንግሊዞችስ ከዚያ በፊት ለመስኮት ስም አልነበራቸውምን? ነበራቸው፤ የእነርሱም «የዐይን ቀዳዳ» የሚል ነበረ። ሆኖም የገዛ ቃላቸውን ጥለው የባዕዱን ያዙ። ለምን ያዙ? የዛሬው ጨዋታችን በዚህ ጥያቄ ዙሪያ ነው።

(እግረ መንገዴን አንዲት ነገር ጣል ላድርግ፤ የእኛው «መስኮት» ከግእዝ የወረስነው ሲሆን፣ በቁርኣን ውስጥ ስለ ብርሃን በሚናገረው ምዕራፍ የሚገኘው «ሚሽካት» የሚለው ቃል ከዚሁ ከግእዙ ባሕር ተሻግሮ እንደ ሄደ የሴማውያን ልሳናት ሊቃውንት ያስተምራሉ። እንግዲህ የመስኮት ስም በሰሜንም በደቡብም መንገደኛ ሆኖ ኖሯል።)

(ክራር፤ ለአጭር ጊዜ።)

አስቀድመን አንድ ነገር መለየት ይገባናል፤ ይህን ሳይለዩ ወደ ሥርወ ቃል ምርመራ የገቡ ብዙዎች ስተዋልና። ቃላት በሁለት መንገድ ይዛመዳሉ፤ አንደኛው በልደት ነው፣ ሁለተኛው በጉርብትና ነው።

እንግሊዝኛና ኖርዌይኛ ጀርማናውያን ከሚባሉት ልሳናት ወገን የአንዲት እናት ልጆች ስለ ሆኑ፣ ቤትን እንግሊዛዊው «ሃውስ» ኖርዌያዊው «ሁስ» ቢለው፣ እናትንም አንዱ «ማዘር» ሌላው «ሙር» ብሎ ቢጠራት፣ አንዱ ከሌላው ተበድሮ ሳይሆን ሁለቱም ከእናታቸው ወርሰው ነው። በግእዝና በአማርኛ «ቤት»፣ በዐረብኛ «በይት»፣ በዕብራይስጥ «ባይት» መባሉም እንደዚሁ ያለ የልደት ዝምድና ነው።

«ዊንዶው» ግን ከዚህ ይለያል፤ እርሱ ከተወለደበት ቤት ወጥቶ ወደ ጎረቤት ቤት የገባ ቃል ነው። ልድገመው፦ አንዳንዱ ቃል በልደት የጋራ ነው፤ አንዳንዱ ቃል በጉርብትና የጋራ ሆነ። ዛሬ የምናተኩረው በሁለተኛው ላይ ነው።

ጉርብትናው እንዴት ተጀመረ? በሰላም አልተጀመረም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ793 ዓ.ም.፣ በሰኔ ወር፣ በእንግሊዝ ሰሜናዊ ምሥራቅ ዳርቻ ሊንዲስፋርን በምትባል ደሴት ላይ በነበረው በቅዱስ ከትበርት ገዳም፣ ከሰሜን በመርከብ የመጡ ሰዎች ድንገት ወረዱና ንዋያተ ቅድሳቱን ዘረፉ፤ ከመነኮሳቱም አንዳንዶቹን ገደሉ፣ አንዳንዶቹን ማርከው ወሰዱ። ቫይኪንጎች የሚባሉት እነዚህ ናቸው።

ዘራፊ ቢመጣና ቢሄድ ቃል አይተውም፤ ቢተው አመድ ነው። በ865 ዓ.ም. ግን ታላቅ ጦር መጣና አልመለስም አለ። በ876 ዓ.ም. ደግሞ ከዚህ ጦር አለቆች አንዱ የነበረው ሃልፍዳን ኖርዘምብሪያ የሚባለውን አገር ለሰዎቹ እንዳከፋፈለና እነርሱም ማረስ እንደ ጀመሩ፣ የእንግሊዞቹ የራሳቸው ዜና መዋዕል በአጭር ቃል መዝግቦታል። የታሪካችን ቍልፍ ያለው በሊንዲስፋርን ሰይፍ ላይ ሳይሆን በዚህ በሞፈርና በቀንበሩ ላይ ነው። ያረሰ ሰው አጥር ያጥራል፤ ካጠረ ጎረቤት አለው፤ ጎረቤት ካለው እሳት ይጫጫራል፣ ዕቃ ይዋዋሳል፣ ልጅ ለልጅ ይጋባል።

የእንግሊዞቹ ንጉሥ አልፍሬድም ከሰሜን ሰዎቹ አለቃ ከጉትሩም ጋር ውል ተዋውሎ ድንበሩን ወሰነ፤ ከድንበሩ ወዲያ ያለው አገርም ከጊዜ በኋላ «ዴንሎው»፣ የዴኖች ሕግ ያለበት አገር ተባለ። እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተውሉ፦ እንግሊዞች ሕግን የሚጠሩበት «ሎው» የሚለው ቃል ራሱ ከእነዚሁ ሰዎች የተገኘ ነው፤ ፍቺውም የተቀመጠ፣ የተደነገገ ነገር ማለት ነው። ገዳም ሲዘርፉ የታዩት ሰዎች ለእንግሊዝ የሕግን ስም ሰጡ ቢባል የሚያምን ማን ነው? ነገር ግን እንዲህ ሆነ።

በምሥራቁ በኩል የሰፈሩት በብዛት ዴንማርካውያን ሲሆኑ፣ ከአየርላንድና «ማን» ከምትባለው ደሴት በኩል ተሻግረው በሰሜን ምዕራብ የሰፈሩት በብዛት ኖርዌያውያን ነበሩ፤ ዮርክ በምትባለው ከተማም ከኖርዌይ ነገሥታት ወገን የሚቈጠረው ኤሪክ፣ በቅጽል ስሙ «ደም መጥረቢያ» የተባለው፣ በ954 ዓ.ም. እስኪባረር ድረስ ነግሦ ነበር። በዚያን ዘመን የዴንማርክና የኖርዌይ ሰዎች የሚናገሩት በአንድ ልሳን ነበረና፣ የትኛው ቃል ከየትኛው ሰው አፍ እንደ ወጣ ዛሬ እየነጠሉ መናገር በብዙው አይቻልም። ስለዚህ እኔ «ኖርዌይኛ» ስል፣ ዛሬ በኖርዌይኛ ሕያው ሆኖ የሚገኘውን ያንን የጥንቱን የጋራ ልሳን ማለቴ እንደ ሆነ ተረዱልኝ።

(የሽግግር ዜማ።)

እንግዲህ ወደ ጓዳ እንግባ። ስለ እንቁላል አንድ ታሪክ አለ።

ዊልያም ካክስተን የሚባል ሰው ነበረ፤ በ1476 ዓ.ም. የማተሚያ መኪናን በእንግሊዝ አገር ያቋቋመ እርሱ ነው። ይህ ሰው በ1490 ዓ.ም. ባሳተመው በአንድ መጽሐፍ መቅድም ላይ፣ በእርሱ ዘመን የሆነ ነው ብሎ የሚያወራው እንዲህ ነው። ከባሕር ማዶ ወዳለችው ዜላንድ ለመሻገር የተነሡ ነጋዴዎች በቴምዝ ወንዝ ላይ ነፋስ አጥተው መርከባቸው ቆመባቸው፤ ስለዚህ ወደ ምድር ወርደው ጥቂት ምግብ ለማግኘት ወደ አንድ ቤት ሄዱ። ከእነርሱም አንዱ፣ ሼፊልድ የሚባለው የጨርቅ ነጋዴ፣ የቤቲቱን እመቤት ምግብ ለመናት፤ ይልቁንም እንቁላል እንድትሰጠው በ«ኤግስ» ስም ጠየቃት።

ሴትዮዋ ምን ብላ መለሰችለት ይመስላችኋል? ፈረንሳይኛ አላውቅም አለችው!

ነጋዴውም ተቈጣ፤ እርሱም ፈረንሳይኛ አያውቅምና፤ የፈለገው እንቁላል ብቻ ነው። ኋላ ሌላው ባልንጀራው «ኤይረን» ብሎ ቢጠይቃት፣ አሁን ገባኝ አለች። «ኤይረን» የእንግሊዞቹ የራሳቸው የጥንት ቃል ነው፤ «ኤግ» ግን የሰሜን ሰዎች ቃል ነው፤ ኖርዌያዊም ዛሬ ቁርሱን ሲበላ «ኤግ» ብሎ ይጠራዋል። የሰሜን ሰዎች ካረሱ ስድስት መቶ ዓመት አልፎ፣ ሁለቱ ቃላት ገና በአንዲት ሴት ደጃፍ ላይ ይሟገቱ ነበር። ከሁለቱ የትኛው አሸነፈ? ዛሬ በለንደን «ኤይረን» ብትጠይቁ ያቺ ሴት ራሷ ካልተነሣች በስተቀር የሚሰማችሁ የለም።

እንቁላል ብቻ አይደለም። እንግሊዛዊት ሴት ባሏን «ሀዝባንድ» ስትለው፣ «ሁስ» ቤት፣ «ቦንዲ» ነዋሪና የቤት አባወራ ከሚሉት ከሁለት የሰሜን ቃላት የተጋመደውን ስም ትጠራለች፤ ይኸውም እኛ «ባለቤቴ» ስንል የምንለው ነው፣ ምንም ሳይጨመርበትና ሳይቀነስለት። በኖርዌይ «ቦንደ» ዛሬ ገበሬ ማለት ሆኖ ቀርቷል። ቢላዋ «ናይፍ» የሰሜን ነው፤ የተጠበሰ ሥጋ «ስቴክ» የሰሜን ነው፤ ቆዳና እግርም፣ «ስኪን» እና «ሌግ»፣ የሰሜን ናቸው። ታዲያ አንድ እንግሊዛዊ ባል በመስኮት አጠገብ ተቀምጦ ሥጋውን በቢላዋ ሲቈርጥ ብታዩት፣ ባሉም መስኮቱም ሥጋውም ቢላዋውም በቫይኪንግ መርከብ የመጡ ቃላት ናቸው።

ሞትስ? ሞትም ሳይቀር። «ዳይ» የሚለው ቃል የሰሜን ነው፤ ኖርዌያዊው «ዶ» ይላል፣ ከንፈሩን ሾል አድርጎ። እንግሊዞቹ ቀድሞ መሞትን የሚናገሩበት የራሳቸው ቃል «ስታርቭ» ሲሆን፣ እርሱ ወደ ዳር ተገፍቶ ዛሬ በረኀብ መሞትን ወይም መራብን ብቻ ያመለክታል።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን ከዚህም ሁሉ ያነሰች ቃል ናት፤ «ዜይ»፣ እነርሱ። ሰው ከጎረቤቱ ወንፊት ይዋሳል፣ ሙቀጫ ይዋሳል፤ «እነርሱ» የሚለውን ቃል ይዋሳልን? ልሳናት እንዲህ ያለውን ተውላጠ ስም ከባዕድ መውሰዳቸው እጅግ ብርቅ ነው። እንግሊዝኛ ግን ወሰደ፤ የራሱ የጥንት ቃላት በድምፅ ተቀራርበው «እርሱ» «እርሷ» «እነርሱ» የሚሉት ሊምታቱበት ስለ ደረሱ፣ የጎረቤቱ ቃል ጥርት ብሎ ተሰማው። ዛሬም ኒኖሽክ የሚጽፍ ኖርዌያዊ «ደይ» ይላል።

ፈረንሳይኛ የሚናገሩት ኖርማኖች በ1066 ዓ.ም. እንግሊዝን ድል ሲያደርጉ የሰጧት ቃላት የዳኝነት፣ የሹመት፣ የቤተ መንግሥት ነበሩ፤ ከላይ የወረዱ ናቸው። የሰሜን ሰዎቹ ቃላት ግን ከጎን የገቡ ናቸው። እነዚያን ቃላት ለመማር ሎሌ መሆን ያሻ ነበር፤ እነዚህን ለመማር ግን ጎረቤት መሆን በቃ። ሁለቱ ልሳናት እኅትማማች ስለ ነበሩም፣ እንግሊዛዊው ገበሬና ኖርዌያዊው ገበሬ በገበያ ሲገናኙ ያለ አስተርጓሚ በግማሽ በግማሹ ይግባቡ ነበር፤ ይህ ነው የቃላቱን መንገድ የጠረገው።

(ክራር። ጥቂት ጸጥታ።)

አሁን ደግሞ ጆሮአችሁን አቅኑልኝ፤ ወደ ድምፅ ነገር እንገባለንና።

እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች ለወንድ «ክፈት»፣ ለሴት «ክፈቺ» እንላለን፤ ለወንድ «ውሰድ»፣ ለሴት «ውሰጂ»፤ ለወንድ «ጨርስ»፣ ለሴት «ጨርሺ»። ምን ሆነ? «ኢ» የምትባለው ድምፅ ከኋላ ስትመጣ «ተ»ን ወደ «ቸ»፣ «ደ»ን ወደ «ጀ»፣ «ሰ»ን ወደ «ሸ» ለወጠቻት። ይህን ማንም አላስተማረንም፤ ከእናታችን ጡት ጋር ጠጣነው። በሰሜን አውሮፓም ይህን የመሰለ ነገር ሆኗል፤ የሆነው ግን በሁለቱ አገሮች በተለያየ ዘመን ነው።

በእንግሊዝ አስቀድሞ ሆነ። የጥንቱ «ስክ» የሚለው ድምፅ በእንግሊዞች አፍ ወደ «ሽ» ተለወጠ። የሰሜን ሰዎች ሲመጡ ግን ያልተለወጠውን «ስክ» ይዘው መጡ። ከዚህ የተነሣ አንድ ልብስ ሁለት ስም አገኘ፤ እንግሊዞቹ «ሸርት» ይሉት የነበረውን የሰሜን ሰዎቹ «ስኪርታ» አሉት፤ ሁለቱም አጭር ልብስ ማለት ነው። በአንድ አገር ሁለት ስም ቢበዛበት ልብሱ ከወገቡ ላይ ተከፈለና፣ ከላይ ያለው ሸሚዝ «ሸርት»፣ ከታች ያለው ጉርድ «ስከርት» ተባለ። ስለዚህ በእንግሊዝኛ በ«ስክ» የሚጀምር የቤት ቃል ስታገኙ ከሰሜን መጥቶ ይሆን ብላችሁ ጠርጥሩ፤ ቆዳ «ስኪን»፣ ሰማይ «ስካይ»፣ ጥበብ «ስኪል» ሁሉም እንዲሁ ናቸው።

ታዲያ ኖርዌያውያን ዛሬ ይህን ድምፅ እንዴት ያወጡታል? እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚገለበጠው። በእነርሱ አገር ለውጡ ኋላ መጣና፣ ከ«ኢ» እና ከመሳዮቿ በፊት ያለው «ስክ» ዛሬ «ሽ» ሆኗል! ቆዳን «ሺን» ይላሉ፤ ሸሚዝን «ሹርተ» ይላሉ፤ መርከብን «ስኪፕ» ብለው ጽፈው «ሺፕ» ብለው ያነቡታል። በበረዶ ላይ የሚንሸራተቱበት፣ ስሙ በዓለም የታወቀው «ስኪ»፣ የተሰነጠቀ እንጨት ከማለት የመጣ የእነርሱ ቃል ሳለ፣ እነርሱ «ሺ» ሲሉት እንግሊዞቹ በጽሕፈቱ ተመርተው «ስኪ» ይሉታል።

«ገ» የተባለችውም ድምፅ እንዲሁ ናት። እንግሊዞች በጥንት ዘመን መስጠትን «ዪ» ብሎ በሚጀምር ቃል ይናገሩ ነበር፤ ዛሬ «ጊቭ» «ጊፍት» እያሉ ጠንካራውን «ገ» የሚያሰሙት ከሰሜን ሰዎች ስለ ተማሩ ነው። አስተማሪዎቹ ግን ዛሬ መስጠትን «ዪ» ይሉታል። ልድገመው፤ የሚያስደንቅ ነውና፦ እንግሊዞች የራሳቸውን ልስልስ ድምፅ ትተው የኖርዌያውያንን ጠንካራ ድምፅ ያዙ፤ ኖርዌያውያን ደግሞ ጠንካራውን ትተው እንግሊዞች የጣሉትን የመሰለ ልስልስ ድምፅ ያዙ። እንግዲህ የጥንቱን የሰሜን ድምፅ በእነዚህ ቃላት ጠብቆ ያቆየው ማን ነው? ኖርዌይኛ ሳይሆን እንግሊዝኛ ነው። አደራ የተቀበለው ሰው ከባለ ገንዘቡ ይልቅ ጠንቅቆ ጠብቋል ማለት ነው።

በፍርድ እንዳናደላ፣ ኖርዌያዊውም የጠበቀው አለው። ቢላዋን እንግሊዛዊው «ናይፍ» ሲል በመጀመሪያዋ ፊደል ላይ «ክ» ጽፎ አፉ ግን ይዘላታል፤ ኖርዌያዊው «ክኒቭ» ብሎ ሙሉውን ያሰማል።

ቤተ ክርስቲያንም ከዚሁ ሕግ አላመለጠችም። እንግሊዞች «ቸርች» ሲሏት፣ የሰሜን ሰዎች ተጽዕኖ በጸናበት በስኮትላንድና በሰሜን እንግሊዝ «ኪርክ» ተብላለች፤ ኖርዌያውያን ግን ዛሬ «ኪርከ» ብለው ጽፈው የመጀመሪያዋን ድምፅ ወደ «ሽ» በሚያደላ ስስ እስትንፋስ ይናገሯታል። ሥሩ ከየት ነው? ከጽርዕ ነው፤ «ኪርያኮን»፣ የጌታ የሆነ፣ ማለት ነው። በሰሙነ ሕማማት ስግደት ላይ የቆማችሁ ምእመናን «ኪርያላይሶን» ስትሉ፣ አቤቱ ማረን ማለታችሁ ነውና፣ በአፋችሁ ያለው «ኪርያ» ያው ጌታ የሚለው ቃል ነው። አንዱ የጽርዕ ሥር ወደ ሰሜን ወጥቶ በኖርዌይ የሕንጻ ስም ሆነ፤ ወደ ደቡብ ወርዶ በእኛ አገር ጸሎት ሆነ።

(የሽግግር ዜማ።)

አሁን ጥቂት ማስጠንቀቂያ። ቃላት ዘመድ ቢሆኑም ጠባያቸው አንድ አይደለም፤ ይልቁንም በኖርዌይ የምትኖሩ ወገኖቻችን ይህን ልብ በሉ።

«ስካይ» በእንግሊዝኛ ሰማይ ነው፤ ሥሩ ግን በኖርዌይኛ እስካሁን ደመና ማለት ነው። እንግሊዞች የደመናን ስም ለሰማዩ መስጠታቸው፣ የአገራቸውን አየር ላየ ሰው አይገርምም። «አንገር» በእንግሊዝኛ ቍጣ ነው፤ የጥንቱ ቃል ኀዘንና ጭንቀት ነበረ፤ በኖርዌይኛ ዛሬ ጸጸት ማለት ነው። ከአንድ ኀዘን ተነሥቶ አንዱ ወደ ቍጣ ሄደ፣ ሌላው ወደ ጸጸት። የቱ የተሻለ መንገድ እንደ ሆነ ለነፍስ አባቶቻችን እተወዋለሁ።

«ጋተ» በኖርዌይ መንገድ፣ ጎዳና ነው፤ በኦስሎ ዋናው ጎዳና «ካርል ዮሃንስ ጋተ» ይባላል። «ጌት» በእንግሊዝኛ በር ሲሆን ከዚህ ቃል የመጣ አይደለም። በዮርክ ከተማ ግን የሰሜን ሰዎች ነግሠውባት ስለ ነበረ፣ «ጌት» እያለ ስሙ የሚጨርሰው ሁሉ መንገድ ነው፤ በሩን የፈለገ እንግዳ «ባር» ብሎ መጠየቅ አለበት። መጠጥ ቤት የፈለገው ምን ብሎ እንደሚጠይቅ አልነግራችሁም።

«ባርን» ስትሰሙ ደግሞ ተጠንቀቁ። በኖርዌይኛ ልጅ ማለት ነው፤ በእንግሊዝኛ የእህልና የከብት ማኖሪያ ቤት። በጽሕፈት እንደ መንትያ ቢመሳሰሉም ምንም ዝምድና የላቸውም፤ የእንግሊዝኛው «የገብስ ቤት» ከሚሉ ሁለት ቃላት ተጣብቆ የተሠራ ነውና። እውነተኛው የኖርዌይኛው ዘመድ በስኮትላንድ ልጅን የሚጠሩበት «ቤርን» ነው። መልክ ብቻ አይቶ ዘመድ ማድረግ በሥርወ ቃል ትምህርት ትልቅ ስሕተት ነው።

«ጊፍት» የምትለዋ ግን ከሁሉ ትብሳለች። በእንግሊዝኛ ስጦታ ናት። በኖርዌይኛ «ዪፍት» ተብላ ስትነበብ ሁለት ነገር ናት፤ አንደኛ ያገባ ሰው ማለት ናት፣ ሁለተኛ መርዝ ማለት ናት! ሁለቱም ከመስጠት የመጡ ናቸው፤ ልጅን ለትዳር መስጠት፣ መድኀኒትን መጥኖ መስጠት። በመንግሥት መሥሪያ ቤት የምትሠራ ኖርዌያዊት «ዪፍት ነህ ወይ?» ብላ የጠየቀችህ ወንድሜ ሆይ፣ አትደንግጥ፤ ስለ ትዳርህ ነው።

(ክራር።)

ቃል አንድ ጊዜ ሄዶ የሚቀር አይምሰላችሁ፤ ዞሮ የሚመለስም አለ። የጥንት ኖርዌያውያን «ካካ» ይሉት የነበረው እንጀራ ወደ እንግሊዝ ሄዶ «ኬክ» ሆነ። ከብዙ መቶ ዓመት በኋላ እንግሊዞች ደረቁን ዓይነት ለኖርዌይ ሲሸጡ፣ ኖርዌያውያን «ኬክስ» የሚለውን የብዙ ቍጥር እንደ ነጠላ ስም ቈጥረው ብስኩትን «ሼክስ» በሚመስል ድምፅ መጥራት ጀመሩ፤ የራሳቸውን «ካከ» ግን ለለስላሳው ኬክ እንደ ያዙት ነው። ስለዚህ በኖርዌይ ጠረጴዛ ላይ አንዱ ቃል ሁለት ሆኖ፣ ከቤት ያልወጣውና ከስደት የተመለሰው ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። አዲስ አበባ ውስጥ ኬክ ቤት ገብታችሁ ኬክ ስታዝዙም እናንተው የዚሁ መንገድ ተካፋይ ናችሁ።

በኋለኛው ዘመን ወደ እንግሊዝኛ የገቡት ጥቂቶች ናቸው፤ አገሪቱንም የሚመስሉ ናቸው፦ በተራሮች መካከል የገባው የባሕር ክንድ «ፊዮርድ»፣ በበረዶ ላይ የሚታጠፉበት ሩጫ «ስላሎም»፣ ዓሣ ነባሪ የሚመገበው ደቃቅ ፍጥረት «ክሪል»፣ አይጥ መሳዩ «ሌሚንግ»።

በኋላ ከገቡት መካከል አንዱ ግን የሰው ስም ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1940 ዓ.ም. ሚያዝያ 9 ቀን ጀርመኖች ኖርዌይን በወረሩበት ዕለት፣ ቪድኩን ክቪስሊንግ የሚባል ሰው እንደ እኔ በሬዲዮ ፊት ቆሞ ራሱን የመንግሥት መሪ አድርጎ አወጀ። ወሩ ሳያልቅ የእንግሊዝ ጋዜጦች «ክዊስሊንግ» የሚለውን ስም ለጠላት ያደረ ከሐዲ ሁሉ መጠሪያ አደረጉት፤ በመዝገበ ቃላትም ገባ። እኛ በጣልያን ወረራ ዘመን «ባንዳ» የሚለውን ቃል ከጣልያንኛ እንዳገኘን ማለት ነው። ሰውዬው በ1945 ዓ.ም. በጥቅምት ወር በኦስሎ በጥይት ተደብድቦ ሞተ፤ ስሙ ግን እስካሁን በእንግሊዝኛ ይሰደብበታል።

ጊዜያችን ስላለቀ አንድ ነገር ለምኜአችሁ ልሰናበት። በኖርዌይ፣ በእንግሊዝ ወይም በሌላ አገር የምትኖሩ፣ በአገርም ያላችሁ አድማጮች፣ ከሁለት ልሳናት የተገናኘ መስሎ የታያችሁን አንድ ቃል በደብዳቤ ላኩልን፤ ስትልኩ ግን እንዴት እንደሚጻፍ ብቻ ሳይሆን በአገሩ ሰው አፍ እንዴት እንደሚሰማና ሽማግሌዎቹ በምን ፍቺ እንደሚናገሩት ጨምራችሁ ጻፉ። በሚቀጥለው ሳምንት ከደብዳቤዎቻችሁ የመረጥነውን እናነባለን።

(የመዝጊያ ዜማ ከፍ ይላል።)